ኦቨርሎድ ምንድን ነው?

ድሬ፣ ከዚራ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለስላሳ የሚሸጥ ወዳጄ ፍሪዘሩን እንዳይለት ጠርቶኝ ነው። ከፍሪዘሩ ጀርባ «ቀጭ» ይላል፣ ሞተሩ ጥቂት ሰከንድ ያጓራል፣ ደግሞ «ቀጭ»፣ ከዚያ ዝም። ትንሽ ቆይቶ እንደገና።

«አቦ፣ ኦቨርሎዷ አስቸገረች። አውጣትና ዳይሬክት አድርግልኝ» አለኝ፤ ሽቦውን ያለ እሷ በቀጥታ አገናኝልኝ ማለቱ ነው።

ኦቨርሎድ ከኮምፕረሰሩ (ጋዙን ከሚጨምቀው ሞተር) ጎን፣ በፕላስቲክ ክዳን ሥር የምትቀመጥ፣ ከቆርኪ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር ናት። (በትልልቆቹ ኮምፕረሰሮች ላይ ከውስጥ፣ ከሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ጋር ስለምትገባ አትታይም።) ሆዷ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ሳህን አለ። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ስለዚህ ሙቀት ሲበዛ ሳህኑ ይጎብጥና ድንገት ይገለበጣል፤ መስመሩ ይቋረጣል። «ቀጭ» ያለው እሱ ነው። ሲበርድ ይመለሳል፣ ሞተሩ ደግሞ ይሞክራል።

የሚያሞቃት ሁለት ነገር ነው፦ በውስጧ የሚያልፈው ከረንት እና የተደገፈችው የኮምፕረሰር ገላ። ማታ ማታ መብራት ሲደክም ሞተሩ መነሳት ያቅተዋል፤ መነሳት ያቃተው ሞተር ደግሞ ሲዞር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይስባል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣም እንደዚያው ነው። የጋዙ ግፊት ገና አልተመጣጠነም። ለዚህ ነው ነቅላችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ የምላችሁ። ከሷ ጎን ያለው የማስነሻ ሪሌ ከተበላሸም ጥፋቱ በሷ ይላከካል። ሪሌው ውስጡ ሴራሚክ ያለበት ዓይነት ከሆነ፣ ነቅላችሁ ስታወዛውዙት ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰብሯል ማለት ነው።

የድሬ ዋናው ጣጣ ግን ሙቀቱ ነው። የወዳጄ ወንድም ሐረር ላይ ያንኑ ዓይነት ፍሪዘር ይዞ ምንም አይቸገርም። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ አየሯም ቀዝቃዛ ነው። ስትገዙ ከፍሪዘሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ። «ኤን» የሚል ፊደል ብቻ ካለው የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ ለሚደርስ ክፍል ነው። «ቲ» ያለው እስከ 43 ይችላል። ለድሬ የቱ እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ዳይሬክት ማድረግ? እምቢ አልኩት። ኦቨርሎድ ርካሽ ናት። እሷ ከሌለች የሚቃጠለው ኮምፕረሰሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ከተቃጠለ አዲስ ፍሪዘር መግዛት ሊያምራችሁ ይችላል።

ይልቅ ፍሪዘሩን ከግድግዳው ሳብ አደረግነው። ከኋላው እስከ አናቱ የለስላሳ ሳጥን ተደርድሯል። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው የኮንደንሰሩ ፍርግርግ በአቧራ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ፋኑም የሆነ ፌስታል ነክሶ ቆሟል። ፌስታሉን አወጣሁ፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረግሁ፣ ሳጥኖቹን ወደ በሩ አዛወርናቸው። ሞተሩ እስኪበርድ ሻይ ጠጣን። ስንሰካው አንዴ አጉርቶ ተነሳ።

«ቀጭ አላለም» አለ ወዳጄ፣ ጆሮውን አስጠግቶ።