የትንፋሽ ድጋፍ ምንድን ነው?

«የትንፋሽ ድጋፍ» በሙዚቃዊ ቲያትር ዘፋኞች ዘንድ ለሁሉም ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ድምፅ ሲሰበር ድጋፍ ጎድሏል ይባላል፤ ቃና ሲወርድም እንዲሁ፤ ዘፋኟ መድረክ ላይ በፍርሃት ስትንቀጠቀጥም ምክሩ ያው ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ለአንዲት ጀማሪ «ሳንባሽን እስከ አፉ ሙዪ፣ ሆድሽን አጠንክሪና ከድያፍራም ግፊው፤ በራስ መተማመኑ ራሱ ይመጣል» ብሎ ሲመክራት አነበብኩ። በዚህ ምክር ውስጥ ትክክል የሆነ ነገር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ድያፍራም ከሳንባ በታች ያለ አየር ማስገቢያ ጡንቻ ነው፤ አየርን ወደ ውጭ ሊገፋ አይችልም። ይህን ማንኛውም የሰውነት ክፍሎች መማሪያ ስለሚናገር አልዘገይበትም። የሚያሳስበኝ፣ ድጋፍ ማለት መግፋት ነው የሚለው ሥር የሰደደ እምነት ነው።

የቀጥቃጭን ወናፍ እናስብ። ወናፉን በአንድ ጊዜ ቢጨፈልቁት ፍሙ ይበተናል እንጂ ብረቱ አይግልም፤ የሚፈለገው ሳይዋዥቅ የሚነፍስ አየር ነው፤ ቀጥቃጩም እጁን ምን ያህል እንደሚጫን የሚወስነው ፍሙን እያየ ነው። እስከዚህ ድረስ ዘፋኝና ቀጥቃጭ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን የወናፍ ቆዳ ካልተጫኑት በቀር ሞልቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሳንባና ደረት ግን ከተለጠጡ በኋላ ወደ ቦታቸው ለመመለስ በራሳቸው ይገፋሉ። እስከ ጫፍ የሞላ ሳንባ ማንም ሳይጫነው ወደ 30 ሴንቲሜትር የውሃ ከፍታ የሚጠጋ ግፊት (ማለትም ውሃን በቱቦ ያን ያህል ከፍ የሚያደርግ ግፊት) ይፈጥራል፤ ለዘብ ላለ ዘፈን ግን ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይበቃል። ስለዚህ በሐረጉ፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ በሚዘፈነው የዜማ ክፍል፣ መጀመሪያ ላይ የዘፋኙ ሥራ መያዝ ነው፤ ድያፍራምን ጨምሮ አየር የሚያስገቡት ጡንቻዎች ቶሎ ሳይላሉ ቆይተው ደረቱ በዝግታ እንዲወርድ ያደርጋሉ፤ ሳንባው ከግማሽ በታች ሲሆን ደግሞ የሆድ ጡንቻዎች ተራውን ተረክበው መጫን ይጀምራሉ። ወናፉን ከውጭ የሚጫን እጅ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ የሚይዝ ሌላ እጅም አለ እንበል። ድጋፍ የሁለቱ እጆች ርክክብ ነው፤ ዓላማውም ከድምፅ አውታሮች በታች ያለው ግፊት በየቅጽበቱ ዜማው የሚጠይቀውን ያህል እንዲሆን ነው።

«ቤልቲንግስ?» የሚል አይጠፋም፤ ከፍ ባለ ቃና ላይ በኃይለኛና ደማቅ ድምፅ የሚዘፈንበትን ስልት ማለቱ ነው። በዚህ ስልት የታወቀችው አሜሪካዊት ዘፋኝ ኤተል መርማን እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርኩ የቲያትር ሰፈር ብሮድዌይ ላይ ስትወጣ በሰውነት ላይ የሚታሰር ማይክሮፎን አልነበረም፤ አዳራሹን የሞላችው በድምፅዋ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው አዘፋፈን ከፍ ያለ ግፊት እንደሚፈልግ አልክድም። ሆኖም ግፊትና የሚወጣው የአየር መጠን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቤልቲንግ የድምፅ አውታሮቹ በእያንዳንዱ ንዝረት ተዘግተው የሚቆዩበት ጊዜ ስለሚረዝም የሚያልፈው አየር ጥቂት ነው፤ ከጉልበቱም ብዙው የሚገኘው ከአፍና ከጉሮሮ ቅርጽ ነው። አየር እያበዛ የሚገፋ ዘፋኝ ጮኸ እንጂ ቤልት አላደረገም፤ በሳምንት 8 ጊዜ በሚታይ ትርኢት ውስጥ ደግሞ እንዲህ እየጮኸ አይዘልቅም።

ምክሩ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ግን የፈራን ሰው ነው። የፈራ ሰው አንዱን ትንፋሽ አውጥቶ ሳይጨርስ ሌላውን ይደርባል፤ መዝፈን የሚጀምርበት መግቢያ ሲደርስ ሳንባው ቀድሞውኑ ሞልቷል። በዚያ ላይ «በደንብ አየር ሳቢ» ሲሏት ዘፋኟ ትጨምርበታለች። የበዛውን ግፊት ለማገድ የድምፅ አውታሮቹ አጥብቀው ይዘጋሉ፣ ድምፁ ይታነቃል፤ የታመቀው አየር ስላልታደሰ ደግሞ ሳንባዋ ሞልቶ ሳለ ትንፋሽ ያጠራት ይመስላታል፣ እንደገናም ትስባለች። ይህን አይቶ «በራስሽ ተማመኚ» ማለት ምንም አይፈይድም። የሚፈይደው ከመግቢያው በፊት አየሩን ማስወጣት፣ ከዚያም ለመጀመሪያው ሐረግ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማስገባት ነው፤ ሐረጉ አራት ቃላት ከሆነ ትንፋሹም የአራት ቃላት ይሁን። በልምምድ ላይ ያ መጠን ደጋግሞ ተለክቶ የታወቀ ከሆነ፣ ልብ እየመታም ቢሆን የመጀመሪያው ሐረግ ይወጣል፤ በራስ መተማመን የምንለውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው።

ይህ ሁሉ ግን ቆሞ ለሚዘፍን ሰው የተነገረ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ወገብን የሚያስር ኮርሴት የለበሰች ተዋናይት የሆዷን እንቅስቃሴ ስለምታጣ በጎድን አጥንቶቿ መስፋት ላይ መደገፍ አለባት፤ ኮርሴቱንም ለመክፈቻው ምሽት ከማቆየት ይልቅ ገና በልምምድ ጊዜ መልበስ ይኖርባታል። ከብርቱ ጭፈራ በኋላ ደግሞ ሰውነት አየር በብዛት ስለሚጠይቅ ቀስ ብሎ የመያዙ ሥራ ለጊዜው አይቻልም። በዚያ ቦታ ላይ ሐረጎቹን ማሳጠር ወይም ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ምት ማረፊያ መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህም ከውዝዋዜ አዘጋጁና ከሙዚቃ መሪው ጋር አስቀድሞ የሚወሰን ጉዳይ ነው።