የልብ በሽታና ማዕድ፦ ከፊንላንድ እስከ ፒያሳ

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ፒያሳ ያሉ ምግብ ቤቶች በያይነቱ ሲያወጡ ይውላሉ። በማግስቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ክትፎ ይቀርባል። አንድ ሰፈር በአንድ ሳምንት ሁለት ዓይነት ማዕድ አለው ማለት ነው።

እዚህ የሚነሳው የልብ ደም ሥሮች በስብ መጥበባቸው ነው። ወጣቶቻችንን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ሌላ ነው። እሱ የሚመጣው በአግባቡ ባልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው እንጂ ከወጡ ጋር ጸብ የለውም።

አሜሪካዊው የሥነ-ምግብ ተመራማሪ አንሴል ኪስ እ.ኤ.አ. በ1958 በሰባት አገሮች ጥናት ጀመረ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 የሆኑ ከ12,000 በላይ ወንዶችን ለዓመታት ተከታተለ። ቅቤና ወተት የማይለያቸው የምሥራቅ ፊንላንድ ሰዎች በልብ በሽታ ክፉኛ ተጎድተው ተገኙ። የወይራ ዘይት የሚበሉት የግሪክ ደሴት የቀርጤስ ሰዎችና ሩዝና ዓሣ የሚበሉት ጃፓኖች ግን በጣም ጥቂት ነበር የታመሙት። አገሮቹ በዕጣ አልተመረጡም የሚለው ትችት እስከ ዛሬ አለ፤ ተገቢም ነው። ግን «ዘራቸው ነው» ብሎ ማለፍም አያስኬድም። ወደ ሃዋይና ካሊፎርኒያ የተሰደዱ ጃፓናውያን አገር ቤት ከቀሩት ይልቅ በብዛት ታመዋል። ፊንላንዶችም እ.ኤ.አ. በ1972 በምሥራቅ ፊንላንድ ባለችው በሰሜን ካሬሊያ ዘመቻ ጀመሩ። ቅቤ፣ ጨውና ሲጋራ ቀነሱ። በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች በልብ በሽታ መሞት ከ80 በመቶ በላይ ወረደ።

ወደ እኛው እንመለስ። አጥባቂ ኦርቶዶክስ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም። ምስርና ሽሮ ደግሞ አሰር አላቸው፤ አሰር ደም ሥር የሚያጠበውን ኮሌስትሮል የተባለ ስብ ይቀንሳል። የጾም ምግብ ሁሉ ግን ለልብ ይስማማል ማለት አይደለም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የረጋ ስብ ነው። መንገድ ዳር የሚጠበሰው ፓስቲና ሳምቡሳ ሥጋ ባይነካውም በዚያው ዘይት ከተነከረ ምኑን ጾም ሆነ? የኑግ ዘይት በዚህ በኩል በጣም ይሻላል።

ጨውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። ክትፎው ላይ የሚነሰነሰው ሚጥሚጣ ግን አስቀድሞ ጨው ገብቶበታል።

ያው ቀርጤስ ላይ፣ የሚጾሙ ኦርቶዶክሶችም ተጠንተዋል። በጾሙ ወራት ኮሌስትሮላቸው ወረደ፤ ፍስክ ሲገባ መልሶ ወጣ። የእነሱ መጥበሻ ላይ ያለው ግን የወይራ ዘይት ነው።