ጂቫሪ ምንድን ነው?

የህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ሲቀርብ ከዘፋኙም ከከበሮውም በፊት የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ዝዝ እያለ ይነዝራል፣ አይቸኩልም፣ ዝግጅቱ እስኪያበቃም አይቋረጥም። የሚወጣው ታንፑራ ከሚባለው ባለ ረጅም አንገት የአውታር መሣሪያ ነው። ያን ነዛሪ ጠባይ የሚሰጠው ደግሞ ጂቫሪ ነው፦ አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ ገጽ ላይ በሞረድ የሚወጣ፣ ዓይን በቀላሉ የማይለየው ስስ ቁልቁለት። ሙዚቀኞቹ ቁልቁለቱንም፣ ከእሱ የሚወለደውን ድምፅም በዚሁ አንድ ስም ይጠሩታል።

በገና ሲደረደር እየሰማ ላደገ ጆሮ ይህ ድምፅ እንግዳ አይሆንም። በበገናችን ላይ በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካካ ስለሚንቀጠቀጥ ያ በዐቢይ ጾም የምናውቀው ከባድ ነዛሪ ድምፅ ይወጣል። ደርዳሪው እንዝራዋን ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ እያደረገ ድምፁን ይፈልጋል፤ ከቦታዋ ከሸሸች የበገናው ድምፅ ይደርቃል። በገና ምሰሶና ቀንበር ያለው የክራር ወገን ነው፤ ታንፑራ ግን አንገት ያለው ሌላ ወገን ነው። በመልክ አይገናኙም። አውታሩን ከሌላ ነገር ጋር እያስነኩ ድምፁን የማበልጸጉ ዘዴ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ህንዶቹ በእንዝራ ፋንታ የብርኩማውን ገጽ ራሱን ቀረጹት።

ነገሩ ይበልጥ የሚገባን ከጊታርና ከቫዮሊን ጋር ስናስተያየው ነው። በእነዚያ መሣሪያዎች ብርኩማው ጠርዝ አለው፤ አውታሩ በዚያ ጠርዝ ላይ በአንድ ነጥብ ይገታል። ሌላ ነገር ነክቶ ዝዝ ካለ ሠሪው እንደ ብልሽት ቆጥሮ ያስተካክለዋል። የታንፑራ ብርኩማ ግን ከላዩ ሰፊ ነው፤ ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል፣ ነገር ግን አውታሩ ወደሚንቀጠቀጥበት አቅጣጫ በጣም በዝግታ ይወርዳል። አውታሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ገጹን ነካ ያደርጋል፣ ሲነሳ ይለቀዋል። ስለዚህ በነጻ የሚንቀጠቀጠው የአውታሩ ክፍል በእያንዳንዷ ንዝረት ውስጥ ያጥራል፣ መልሶም ይረዝማል።

የዚህ መነካካት ውጤት ትልቅ ነው። ማንኛውም አውታር ሲመታ ዋናው ድምፅ ብቻውን አይወጣም፤ በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ፣ በአራት እጥፍና ከዚያም በላይ ፍጥነት የሚንቀጠቀጡ ተደራቢ ድምፆችን አስከትሎ ነው። በአብዛኞቹ የአውታር መሣሪያዎች ቀጫጭኖቹ ተደራቢዎች ቶሎ ይጠፋሉ። በታንፑራ ላይ ግን አውታሩ ገጹን በነካ ቁጥር ከወፍራሙ ድምፅ ጉልበት እየተቀነሰ ወደ ቀጫጭኖቹ ይተላለፋል። አውታሩ አንዴ ተነክቶ ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ ወዲያው ከመክሰም ይልቅ ሲፈካ የሚሰማው ለዚህ ነው። ረጋ ብሎ ለሚያደምጥ ሰው ከአንዱ አውታር ውስጥ ሌሎች ድምፆች ተራ በተራ ብቅ ሲሉ በግልጽ ይሰማሉ፤ ማንም ሰው ያልመታቸው ድምፆች ናቸው።

ይህን በሳይንስ ዓይን ካዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ1930 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የፊዚክስ ሊቅ ቻንድራሴካራ ራማን ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሽልማቱን ያገኘው ስለ ብርሃን ባደረገው ምርምር ቢሆንም በወጣትነቱ በካልካታ ሳለ የአገሩን የሙዚቃ መሣሪያዎች አጥብቆ አጥንቷል። ቀድሞ የሚታወቀው ሕግ እንዲህ ይላል፦ አውታር በሚመታበት ነጥብ ላይ እንቅስቃሴ የሌለው ተደራቢ ድምፅ ሁሉ ከቀረው ድምፅ መጥፋት አለበት። ለምሳሌ አውታሩ ልክ መሃሉ ላይ ቢነካ በእጥፍ ፍጥነት የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ሊሰማ አይገባም። ራማን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው ጽሑፍ በታንፑራና ቪና በሚባለው ሌላ የህንድ የአውታር መሣሪያ ላይ ይህ ሕግ እንደማይሠራ አሳየ፤ መጥፋት የሚገባቸው ድምፆች ጎልተው ይሰማሉ። ምክንያቱንም በብርኩማው ቅርጽ ላይ አገኘው። መሣሪያ ሠሪዎቹ በጆሮ ብቻ የደረሱበትን ነገር ላቦራቶሪ አረጋገጠው ማለት ነው፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የምደነቀው በሠሪዎቹ ነው።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ብርኩማው ቀድሞ ከአጋዘን ቀንድ ወይም ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ የግመል አጥንት፣ ዞጲ እና ሰው ሠራሽ ቁሶች ተተክተዋል። ሠሪው ገጹን በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ይነካና አውታሩን መልሶ ወጥሮ ያደምጣል። እንደገና ያነሳል፣ ይሞርዳል፣ ያደምጣል። አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የተሞረደ አጥንት አይመለስም፤ ሌላውን ገጽ ሁሉ ወደዚያ ዝቅታ ማውረድ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አውታር ውፍረቱ ስለሚለያይ የየራሱን ቁልቁለት ይሻል፤ ነገር ግን የሁሉም ድምፅ አንድ ዓይነት ጠባይ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ይህን በሚገባ የሚችሉ እጆች በህንድም ቢሆን ጥቂት ናቸው።

ሠሪው ከጨረሰ በኋላ ደግሞ የተጫዋቹ ሥራ ይቀራል። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል ቀጭን የጥጥ ወይም የሐር ክር ይገባል። ተጫዋቹ በአንድ እጁ አውታሩን እየነካ በሌላው እጁ ክሩን በጥቂቱ ይስበዋል። ድምፁ መጀመሪያ ደነዝ ነው። ክሩ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይሻክራል፣ ትንሽ ሲያልፍ እንደገና ይደነዝዛል። በመካከሉ ግን አንዲት ቦታ አለች፤ ክሩ እዚያ ሲደርስ ድምፁ በድንገት ይሰፋል፣ ክፍሉንም ይሞላል። ሙዚቀኞቹ በዚህ ጊዜ ጂቫሪው ተከፈተ ይላሉ። እንዝራውን በጣቱ ሲገፋ ያየነው የበገና ደርዳሪ ይህን ቢመለከት ወዲያው ይረዳዋል።

ታንፑራው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አራት አውታሮች አሉት። ዜማ አይጫወትም፤ አንገቱ ላይ ጣት አይረግጥም፣ አውታሮቹ ክፍት እንደሆኑ አንድ በአንድ ይነካሉ። የመካከለኞቹ ሁለት አውታሮች በዘፋኙ መነሻ ድምፅ፣ ማለትም በሳ፣ ይቃኛሉ። የመጨረሻው ከእነሱ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ሳን ይደግማል። የመጀመሪያው በአምስተኛው ድምፅ፣ በፓ፣ ይቃኛል፤ ዘፋኙ የሚያቀርበው ራጋ እንደ ማልኮንስ ፓ የሌለው ከሆነ ደግሞ በአራተኛው፣ በማ። ራጋ የምንለው ከእኛ ቅኝት ጋር የሚቀራረብ ግን ከእሱ የጠበቀ ሥርዓት ያለው የዜማ መሠረት ነው። የመጀመሪያው አውታር በመሃል ጣት፣ ሌሎቹ ሦስቱ በጠቋሚ ጣት፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ሥጋ፣ ለስለስ ተደርገው ይነካሉ። ከበሮው ቢፈጥንም ቢዘገይም ታንፑራው አይከተለውም፤ የራሱ እርጋታ አለው። ብዙ ጊዜ ከዘፋኙ ኋላ ተቀምጦ የሚይዘው ተማሪው ነው፤ ለተማሪው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፣ ለሰዓታት ከመምህሩ ጀርባ ሆኖ ጆሮውን ይስላል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለጌጥ እንዳልሆነ ዘፋኙን ስናይ ይገባናል። ከጂቫሪው በሚፈልቁት ተደራቢ ድምፆች ውስጥ ሌሎች የዜማ ድምፆች ተሰውረው አሉ፤ ለምሳሌ ከዝቅተኛው አውታር ሦስተኛው ድምፅ፣ ጋ፣ ይሰማል፣ ማንም በእሱ ያልቃኘው ቢሆንም። ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ከእነዚህ ጋር ያስማማል። ጥቂት ከሳተ ወዲያው ይታወቀዋል፣ ለአድማጭም ያስታውቃል። ታንፑራን የጀርባ ድምፅ ብቻ አድርገው የሚገልጹት ሰዎች ትክክል አይመስሉኝም፤ ለዘፋኙ መለኪያው እሱ ነው።

በሰሜኑ የህንድ ሙዚቃ ዘንድ ለታንፑራ ስሟ የገነነ ከተማ በማሃራሽትራ ክልል የምትገኘው ሚራጅ ናት። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እዚያ ያሉ ቤተሰቦች ታንፑራና ሲታር (ዜማ የሚጫወትበት ሌላ ባለ ረጅም አንገት የአውታር መሣሪያ) ሲሠሩ ኖረዋል፤ የሙያው ጀማሪ የሚባለው ፋሪድሳሄብ የጦር መሣሪያ ከሚሠሩና ከሚስሉ ቤተሰቦች የተገኘ ሰው ነበር። ለገበቴው የሚሆነው ትልቅ ቅል በዚያው ክልል ይበቅላል፤ ከደረቀ በኋላ ተቆርጦ፣ ውስጡ ተጠርጎ ከእንጨት ከተሠራው አንገትና ፊት ጋር ይጋጠማል። ኪራና የሚባለው የአዘፋፈን ዘዬ ታላቅ ዘፋኝ የሆነው አብዱል ካሪም ኻን (1872–1937) በሚራጅ ኖሯል፤ ለታንፑራ ቅኝት የነበረው ጥንቃቄ ዛሬም ይወሳል። በ2024 የሚራጅ ታንፑራና ሲታር በህንድ የመልክዓ ምድራዊ መለያ ምልክት አግኝተዋል፤ ሌላ ቦታ የተሠራ ዕቃ በከተማይቱ ስም እንዳይሸጥ የሚከላከል ምልክት ነው። በደቡብ ህንድ የሚሠራው ታንፑራ ግን ገበቴው ከቅል ሳይሆን ከእንጨት ይፈለፈላል።

ሲታርም ጂቫሪ አለው፤ እዚያ ላይ የግል ምርጫ ጎልቶ ይታያል። ራቪ ሻንካር (1920–2012) ጂቫሪው ሰፋ ብሎ የተከፈተ፣ የሚያብረቀርቅና የሚነዝር ድምፅ ይወድ ነበር። ቪላያት ኻን (1928–2004) ደግሞ የተዘጋውን መረጠ፤ የሲታሩ ድምፅ የጠራና የተሰበሰበ ነው፣ ሲጫወት ሰው የሚዘፍን ይመስላል። የሁለቱን ቅጂ ተራ በተራ ያደመጠ ሰው ልዩነቱን ለመስማት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልገውም። ሲታር ላይ አውታሩ በኃይል ስለሚሳብ ብርኩማውን እየፈገፈገ ጎድጓዳ መስመር ያወጣበታል፤ ስለዚህ ጂቫሪው በየጊዜው ወደ ሠሪው ተወስዶ እንደገና ይሞረዳል።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በባንጋሎር የኤሌክትሮኒክ ታንፑራ ተሠርቶ ገበያ ላይ ውሏል፤ ዛሬ ደግሞ በስልክ መተግበሪያ ይገኛል። ለተማሪና ለተጓዥ ዘፋኝ ጠቃሚ ነው፤ አይሰበርም፣ በሙቀትና በእርጥበት ቅኝቱ አይፈርስም። የሚጎድለውም ይኸው ይመስለኛል፦ ክሩን በጣቱ ያልገፋ፣ ጂቫሪው ሲከፈት ያልሰማ ተማሪ የተከፈተውን ከተዘጋው የሚለይበት አጋጣሚ አያገኝም። በትልልቅ መድረኮች ላይ ግን አሁንም ከዘፋኙ ጀርባ ሁለት ታንፑራዎች ቆመው ይታያሉ፤ ቅኝታቸውን የመጨረሻ ጊዜ የሚያስተካክለው አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኙ ራሱ ነው፣ አድማጩም ዝም ብሎ ይጠብቀዋል።