የጠረጴዛ ላይ ስቴሪዮ ፎቶ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስቴሪዮ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቴፕና ድምፅ ማጉያ ነው። ፎቶም ግን ስቴሪዮ አለው። አንድን ዕቃ ትንሽ ፈቀቅ እያላችሁ ሁለት ጊዜ ታነሳላችሁ፤ አንዱ ለግራ ዓይን፣ ሌላው ለቀኝ ዓይን። ከዚያ ለየዓይኑ የራሱን ፎቶ በሚያሳይ መነጽር ስታዩት ዕቃው እጃችሁን ዘርግታችሁ የምታነሱት ይመስላል። ስሪዲ (3D) የሚባለው ይሄው ነው። እዚህ ደሴ ፎቶ የምናነሳ ጓደኛሞች ለክለብ ውድድር የቡና ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን መሞከር ከጀመርን ቆየን፣ እና በየጊዜው ተመሳሳይ ነገር ስለምሰማ አንድ በአንድ ልናገር።

«ስሪዲ የፊልም ቤት አዲስ ነገር ነው»

አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን ሁለቱ ዓይኖቻችን የሚያዩት ምስል ስለሚለያይ ጥልቀት እንደምናይ ያስረዳው በ1838 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ ሊሆን አንድ ዓመት ሲቀረው። በ1860ዎቹ ደግሞ የፓሪስ ቀራፂዎች ከጭቃ ትንንሽ ምስሎች እየሠሩ፣ ደርድረው፣ በስቴሪዮ ያስነሱ ነበር። ጀበናና ስኒ ደርድረን የምናነሳው እኛ አዲስ ነገር አልፈጠርንም።

«በዓይኖቻችን መካከል ያለው 6 ሴ.ሜ. ስለሆነ ካሜራውንም 6 ሴ.ሜ. ማንቀሳቀስ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በዓይኖቻችን መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 6.3 ሴ.ሜ. አካባቢ መሆኑ እውነት ነው፤ 2 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰውም በደንብ ይሠራል። ለጠረጴዛ ግን ይበዛል። የመጀመሪያ ፎቶዬን ያነሳሁት እንደዚያ ነበር፤ ረከቦቱ ላይ ከፊት ያለው ስኒ ከሌንሱ 45 ሴ.ሜ. ይርቃል፣ እኔ 6 ሴ.ሜ. ሙሉ ፈቀቅ አደረግኩ። በመነጽር ሲታይ የስኒው አፍ ሁለት ሆኖ ቀረ። እናቴ «ኧረ ዓይኔን ጎተተው!» ብላ መነጽሩን መለሰችልኝ።

ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ስሌት ቀላል ነው። ከሌንሱ እስከ ቅርቡ ዕቃ ያለውን ርቀት ለ30 አካፍሉ፤ የሚመጣው ካሜራው ወደ ጎን የሚሄደው ነው። 45 ሴ.ሜ. ከሆነ 1.5 ሴ.ሜ.፣ 30 ሴ.ሜ. ከሆነ 1 ሴ.ሜ. ብቻ። ይሄ የተራ ሌንስ ስሌት ነው፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ሩቅ ከሆነ። ጀርባውን በጨርቅ ከዘጋችሁትና ጨርቁ 90 ሴ.ሜ. ላይ ካለ፣ ለዚያው ስኒ ካሜራውን እስከ 3 ሴ.ሜ. ገደማ ማስኬድ ትችላላችሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ 1 ሴ.ሜ.፣ 1.5 እና 2 እያልኩ ሦስቱንም አነሳለሁ፤ የሚሻለውን ኋላ ዓይን ይመርጣል።

«ሁለት ካሜራ ከሌለህ አይሞከርም»

አብሽሩ፣ አንድ ስልክ ይበቃል። እንዲያውም ሁለት ትልልቅ ካሜራ ጎን ለጎን ብታቆሙ ሌንሶቹ 1.5 ሴ.ሜ. ድረስ አይቀራረቡም። እኔ ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር እለጥፋለሁ፣ ስልኩን ካርቶን ላይ አቆመዋለሁ፣ ካርቶኑን ማስመሪያውን አስደግፌ እገፋለሁ። ስልኩ በእጅ ሲነካ እንዳይነቃነቅ የ2 ሰከንድ ታይመር።

ችግሩ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ጊዜ ማለፉ ነው። አቦል ሲቀዳ የሚወጣው እንፋሎት በመጀመሪያው ፎቶ ወደ ግራ፣ በሁለተኛው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዓይን ሊያጋጥመው አይችልም። የዕጣኑ ጭስም እንደዚያው። በአንድ ካሜራ ከሆነ ተዉት። የመስኮት ብርሃን የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ፤ ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ሲያልፍ አንዱ ፎቶ ብሩህ ሌላው ጨለምለም ያለ ይሆንና ሥራው ይበላሻል። ብርሃኑንም፣ የቀለም ቅንብሩንም፣ ፎከሱንም ቆልፉት።

«ካሜራውን ወደ ዕቃው ዘወር ማድረግ ነው»

ዓይናችን እንደዚያ ስለሚያደርግ ትክክል ይመስላል። ካሜራ ሲዞር ግን ጠርዝ ላይ ያለው ስኒ በአንዱ ፎቶ ረዘም፣ በሌላው አጠር ይላል፣ ተመልካቹም ምክንያቱን ሳያውቅ ዓይኑ ይደክመዋል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት እያየ ወደ ጎን ብቻ ይሂድ። በአንዱ ፎቶ ብቻ የገባውን የጠርዝ ትርፍ ኋላ ቁረጡት። ስቴሪዮፎቶ ሜከር የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሄን በደንብ ያስተካክላል።

«የኋላው ደብዘዝ ሲል ያምራል»

በተራ ፎቶ አዎ። እዚህ ግን ተመልካቹ ወደ ውስጥ ገብቶ ጀበናውን አልፎ ማየት ይፈልጋል፣ እዚያ ሲደርስ ብዥ ያለ ነገር ካገኘ ይከፋዋል። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ አጥብባችሁ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ላይ አድርጉት። ከዚያ በላይ ስታጠብቡት ምስሉ ራሱ መለስለስ ይጀምራል። በስልክ ከሆነ ፖርትሬት ሞዱን አጥፉት፤ ብዥታውን ለየፎቶው ለብቻ ስለሚያሰላ ሁለቱ አይገጥሙም።

«ወደ ፊት የወጣ ነገር ሁሉ ዳኛን ያስደንቃል»

የምስሉን ጠርዝ እንደ መስኮት ክፈፍ አስቡት። ረከቦቱ ከመስኮቱ ወደ እኛ ወጥቶ ሳለ ጎኑን ክፈፉ ከቆረጠው፣ ከኋላ ያለ ነገር ከፊት ያለውን ሸፈነ ማለት ነው። ዓይን ይሄን አይቀበልም። የወጣ ነገር በግራና በቀኝ ጠርዝ መቆረጥ የለበትም።

«ስሪዲ ማለት ቀይና ሰማያዊ መነጽር ነው»

አንዱ መንገድ ነው፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ቀይ በርበሬ አነሳችሁ እንበል። በቀዩ መስታወት ደማቅ ሆኖ ይታያል፣ በሌላው ጥቁር። ሁለቱ ዓይኖች ይጣላሉ። ለውድድር በብዛት የሚላከው ሁለቱ ፎቶ ጎን ለጎን ሆኖ፣ የግራው በግራ ነው፤ ደንቡን ግን አንብቡ። ግራና ቀኝ ከተቀያየረ ቅርቡ ሩቅ፣ ሩቁ ቅርብ ሆኖ ይገለበጣል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከጠፋችሁ የፊተኛውን ስኒ ከኋላው ጨርቅ አንጻር እዩት፤ ስኒው ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ የሚታይበት ፎቶ የግራ ዓይን ነው።