ኤሌክትሪክ ጊታር ለወሎ ቅኝት፦ ግዢው፣ ፍተሻውና የጊብሰን ዕዳ

ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ናቸው፤ የቅኝት ስምም ሆነዋል። ጊታር ላይ አምባሰል ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ሲሆን ባቲ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። የሚያታግለው አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ነው። ማሲንቆ መቺ ጣቱን ሸርተት አድርጎ የሚያገኛት ድምፅ ጊታር ላይ በሁለት ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በተርታ በተተከሉ ቀጫጭን ብረቶች) መካከል ስለምትወድቅ፣ ክሩን ወደ ጎን መግፋት ግድ ይላል። ለዚህ ቀጭን ክር ይሻላል፤ ከ9 እስከ 42 የሚባለው ይበቃል (ቁጥሩ ውፍረቱ በኢንች ሺኛ ነው)። ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሚሠራው ሌስ ፖል ጊታር ላይ ክሩ የሚርገበገብበት ርዝመት 62.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሌላው ጊታር ሠሪ የፌንደር 64.8 ነው። አጭሩ ለጣት ይለዝባል።

ያገለገለ ጊታር ሲገዛ ቀድሞ የሚታየው አንገቱ ነው። ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬትና አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ተጭኖ፣ 7ኛው ፍሬት ዘንድ ያለውን ክፍተት ማየት ነው። ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ካለች ደህና ነው። ክሩ ፍሬቱ ላይ ከተኛ በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ይላላል፤ ክፍተቱ ከሰፋ ይጠብቃል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም። ዘንጉ ጥግ ደርሶ ክፍተቱ ካልጠበበ ጊታሩን መተው ነው። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ሳይጫኑት ተነክቶ የሚሰጠው ድምፅና ተጭነውት የሚሰጠው መግጠም አለባቸው። የተጫኑት ከቀጠነ፣ ክሩ የተቀመጠበት ብረት ወደ ኋላ ይሳባል። ቮልዩሙ ሲዞር ቢንኮሻኮሽ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ሰበብ ነው።

ሌስ ፖል ላይ የአናቱ ሥር (አንገቱና የክር ማጥበቂያዎቹ ያሉበት ጫፍ የሚገናኙበት) በደንብ ይመርመር። አናቱ ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ እንጨቱም ለዘንጉ ስለተቦረቦረ እዚያ ጋ ይሳሳል። ከአዲስ አበባ በጣርማ በር በኩል ደሴ እስኪገባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በጨርቅ ቦርሳ አውቶቡስ ላይ የተጫነ ጊታር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከዚሁ ነው። ጠንካራ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ክሩንም ትንሽ ማላላት ይጠቅማል። ዘንጉን የምትሸፍነው ክዳን በጊብሰኑ ላይ በሁለት ብሎን ትታሰራለች፤ ሦስት ብሎን ካላት አስመስሎ የተሠራ መሆኑን መጠርጠር ነው።

ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1902 ካላማዙ፣ ሚሺጋን ውስጥ ተቋቋመ፤ ሌስ ፖልን ያወጣው በ1952 ነው። የከሰረው ጊታር መሸጥ አቅቶት አይደለም። በ2014 የፊሊፕስን የድምፅ መሣሪያዎች ንግድ በ135 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ዕዳው የተከመረውም በዚህ መስመር ነው። በ2015 ደግሞ በራሱ የሚቃኝ ሞተር አብዛኞቹ ጊታሮች ላይ ገጠመና ዋጋ ጨመረ፤ ገዢው አልወደደለትም። በሜይ 2018 ከ100 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዕዳ ይዞ ከአበዳሪዎች የሚከልለውን የኪሳራ ጥበቃ ከፍርድ ቤት ጠየቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኬኬአር የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ዋና ባለቤቱ ሆኖ ወጣ። ርካሹ ኤፒፎን የዚሁ ኩባንያ ምርት ስለሆነ፣ ደሴ ላለ ጀማሪ ይህን መምረጥ አያሳፍርም።

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ አምፕሊፋየር ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ፣ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ከአምፕሊፋየሩ የበለጠ መሆን አለበት።