«በሕግ አምላክ» ማለት ምንድን ነው? የመንግሥት ሥልጣን ገደብ ከየት ይመጣል?

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያያዙ ከመሀል አንዱ «አቦ፣ በሕግ አምላክ!» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ዛሬ ቃሉ ከልመና ያለፈ ጉልበት የለውም። በአያቶቻችን ዘመን ግን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር፤ ከከሳሹ ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ አይላቀቅም። ቃሉን የተናገረው ሰው ሹመትም መሣሪያም ላይኖረው ይችላል። የሚያስቆመው ከሁለቱም በላይ የሆነ ነገር መጠራቱ ነው።

ሕገ መንግሥታዊ ገደብ የምንለው ይህንኑ ቃል በመንግሥት ላይ መናገርን ነው። ባለሥልጣን ሊያስር፣ መሬት ሊወስድ፣ አፍ ሊያዘጋ ሲነሣ «እስከዚህ ነው፣ ከዚህ አያልፍም» የሚለው አስቀድሞ የተጻፈ ወሰን ማለት ነው። ወሰኑን ያሰመረው ባለሥልጣኑ ራሱ ከሆነ ግን ባሻው ቀን ያነሣዋል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ «ከመንግሥት በላይ ምን አለ?» ወደሚል ጥያቄ ይመለሳል።

ተረቶቻችን እዚህ ላይ አይስማሙም። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ሌላው «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሲጻፍ ያሸነፈው የፊተኛው ነበር። የሐረር ሰው ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ ነገር ሊያየው አይችልም፤ ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር ራስ መኰንን ዘንድ የነበሩ ናቸው፤ ያወጁት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከሐረር ብዙ በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። የሕጉ 5ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከዘራቸውና ከተቀቡት ቅብዐት የተነሣ አካላቸው ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነካ መሆኑን ይደነግጋል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም ይህንኑ ደገመው።

እዚህ ጋ ሃይማኖት የተጠራው ገደብን ለማንሣት ነው። እኔ የምለው፣ የተጠቀሰው ግማሹ ብቻ ነበር። ሳኦልም የተቀባ ነበር፤ የቀባው ሳሙኤል ራሱ ነው መጥቶ ከንግሥናህ ተንቀሃል ያለው። ዘዳግም 17 ንጉሥ ፈረስ፣ ሚስት፣ ብርና ወርቅ እንዳያበዛ፣ የሕጉን ግልባጭ ጽፎ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነብ፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ ያዛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የናቡቴ ታሪክ ነው። ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን ሽጥልኝ ወይም በሌላ ልለውጥህ ቢለው ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ንጉሡ ምን አደረገ? ተበሳጭቶ አልጋው ላይ ወደቀ፤ እህል አልቀምስም አለ። ክፉ ንጉሥ እንኳ እንዲሁ መንጠቅ እንደማይችል ያውቅ ነበር! መንገዱን ያገኘችለት ኤልዛቤል ናት፤ እሷም ችሎት አስቀምጣ፣ ሁለት የሐሰት ምስክር አቁማ ናቡቴን በድንጋይ አስወገረችው። ሕግን በሕግ መልክ መግደል የሚባለው ይህ ነው። ኤልያስ ግን መጥቶ «ገደልህ፣ ደግሞም ወረስህ?» ሲል ጠየቀ። ንጉሥ ተከሰሰ ማለት ነው።

በእስልምናም ያው ነው። አቡበክር ኸሊፋ ሆነው ሲሾሙ ለሕዝቡ የተናገሩት፣ አላህንና መልእክተኛውን እስከታዘዝኩ ድረስ ታዘዙኝ፣ ካመፅኩ ግን መታዘዝ የለባችሁም የሚል ነበር። ሱረቱ አን-ኒሳእ 135 ደግሞ በራሳችሁም ሆነ በወላጆቻችሁ ላይ ቢሆን በፍትሕ ቁሙ ይላል። ጀጎል ውስጥ መስጊድ ሄዶ የሚሰግደውም ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሰውም ሹም የሚጠየቅበት አንድ የበላይ እንዳለ ያምናሉ።

በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ቅብዐትንም ሆነ የዘር ሐረግን አይጠቅስም። አንቀጽ 10 ሰብዓዊ መብቶች «ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጩ፣ የማይጣሱና የማይገፈፉ» መሆናቸውን ይናገራል። «ተፈጥሮ» የሚለውን ቃላችንን አስተውሉት፤ ውስጡ «ፈጠረ» አለ። አማኝ ፈጣሪን ያነብበታል፣ የማያምን የሰውን ባሕርይ፤ ለሁለቱም ግን መብቱ ከመንግሥት የመጣ አይደለም። አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ይህን እደግፋለሁ፤ እምነት ለገደቡ ሥር ይሆነዋል እንጂ ራሱ ሥልጣን ከያዘ ገዳቢ ያስፈልገዋል። ለዚህም ነው አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ የሆነው። አንዲት የሐረር ሴት አልፈልግም ካለች ማንም ጎትቶ ሊወስዳት አይችልም።

እምነቱ ብቻውን ግን እስር ቤት በር አይከፍትም። በር የሚከፍተው አንቀጽ 19 ነው፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ አካሉ ነጻ እንዲወጣ እንዲያዝ ይጠየቃል። ዘመዳችሁ ሲያዝ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ጻፉ።

ገደቡ ክፍተት የለውም ብዬ አላታልላችሁም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም የፖለቲካ አካል ነው። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅም 48 ሰዓቷ ልትታገድ ትችላለች፤ በአንቀጽ 93 ፈጽሞ አይነኩም ከተባሉት ጥቂት አንቀጾች መካከል 19 የለም። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው 18 እና እኩልነትን የሚደነግገው 25 ግን አሉ። ያው አንቀጽ 93 መርማሪ ቦርድ ተቋቁሞ የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዛል። ልጇ የት እንደገባ ያጣች እናት በዚያ ጊዜም ዝርዝሩን አምጡ ብላ መጠየቅ ትችላለች።