የሱቅ በር ላይ የሚለጠፈው «30.06» ምንድን ነው?

ዳላስ ወይም ጋርላንድ አካባቢ የምትኖሩ ሳታዩት አትቀሩም። አንዳንድ ሱቅና ሬስቶራንት በር ላይ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የተጻፈ፣ መስታወቱን ግማሹን የሸፈነ ረጅም ጽሑፍ አለ። ቆሞ የሚያነበው ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ራሴ ጋዝ ስቴሽን ካሸር ሆኜ እስክገባ ድረስ የጤና ቢሮ ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ግን አንድ ሰውዬ ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንደ ቁልፍ አንጠልጥሎ ገባና ተረጋግቶ ቡናውን ቀዳ። እኔ መልስ ስቆጥር እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቀና ብሎም አላየው። «እዚህ ቤት ምልክቱ የለማ» አለኝ። የምን ምልክት?

ያ ነው እንግዲህ 30.06። በቴክሳስ የወንጀል ሕግ ውስጥ ያለ የአንድ አንቀጽ ቁጥር ነው። (አንድ ታዋቂ የአደን ጠብመንጃ ጥይትም በአጋጣሚ በዚሁ ቁጥር ነው የሚጠራው፣ ሲቀልዱበት ብትሰሙ አይግረማችሁ።) ሐሳቡ ቀላል ነው። የሽጉጥ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ባለቤቱ «ሽጉጥህን ደብቀህ ይዘህ አትግባ» ብሎ በአግባቡ ካሳወቀው በኋላ ከገባ፣ ሳይፈቀድለት የሰው ቤት እንደገባ ይቆጠራል። 30.07 ደግሞ ሽጉጡን በግልጽ ለታጠቀው ነው። እሱ የመጣው በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ፣ ቴክሳስ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን በግልጽ ታጥቆ እንዲሄድ ስትፈቅድ ነው።

ጨዋታው ያለው «በአግባቡ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። አገር ቤት ነገሩ በፍተሻ ያልቃል፤ ሆቴል ወይም ባንክ በር ላይ ጥበቃው ኪስህን ዳብሶ ያስገባሃል፣ ጽሑፍ ማን ያያል። እዚህ ግን ዳባሽ የለም፣ ሁሉም ነገር ጽሑፉ ላይ ነው። በሁለቱም ቋንቋ መጻፍ አለበት። ፊደሉ ቢያንስ 1 ኢንች ቁመት ይኑረው፣ ቀለሙ ከጀርባው ይለይ፣ ቦታው በግልጽ የሚታይ ይሁን ይላል ሕጉ። ቃላቱም ከሕጉ የተወሰዱ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ሽጉጥ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረባት ያቺ የምናውቃት ስቲከር ብቻዋን ፈቃድ ያለውን ሰው አታግደውም። የእኛ ቤት አለቃም አንድ ሰሞን «ሽጉጥ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ከፕሪንተር አውጥቶ በፕላስተር ለጥፎ ነበር፤ በሕጉ ዓይን ምኞት ነው እንጂ ክልከላ አይደለም።

ከመስከረም 2021 ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ተወሳሰበ። ቴክሳስ፣ ዕድሜው 21 የሞላና በሌላ ሕግ መሣሪያ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድም ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል አለች። 30.06 እና 30.07 የሚናገሩት ስለ ባለፈቃዶች ነው፤ ፈቃድ የሌለውን የሚመለከት ሌላ ጽሑፍ፣ 30.05፣ ተጨመረ። በሩን ሙሉ ለሙሉ መዝጋት የፈለገ ባለሱቅ እንግዲህ ሦስት ጽሑፍ ይለጥፋል ማለት ነው። መስታወቱ የሞላው ለዚህ ነው።

ምልክቱን አይቶ የገባ ሰው ቅጣቱ እስከ 200 ዶላር ነው። በአፍ «ውጣ» ተብሎ እምቢ ካለ ግን ጨዋታው ይቀየራል፣ እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 4,000 ዶላር ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ትልልቆቹ ሱቆች «ሽጉጥ ይዛችሁ አትግቡ» አሉ ሲባል እንሰማለን፤ አብዛኞቹ ግን እንዲህ አላሉም። በነሐሴ 2019 ኤል ፓሶ ከተማ ዋልማርት ውስጥ በተከፈተ ተኩስ 23 ሰው ሞተ። አንድ ወር ቆይቶ የኩባንያው ኃላፊ ዳግ ማክሚለን መግለጫ አወጣ። የሽጉጥ ጥይት መሸጥ እናቆማለን አለ፣ ደንበኞችም በግልጽ ታጥቀው እንዳይገቡ «በአክብሮት እንጠይቃለን» አለ። መጠየቅ ነው! በፈቃድ ደብቆ የያዘውን ጭራሽ አልነካውም። ስታርባክስም በ2013፣ ታርጌትም በ2014 ያሉት ይህንኑ «እባካችሁ» ነው። የ2014ቱ ግርግር መነሻ ይገርማል። ያኔ ቴክሳስ ሽጉጥን በግልጽ መታጠቅ ትከለክል ነበር፣ ረጅም ጠብመንጃን ግን አትከለክልም፤ ስለዚህ «ሽጉጥም በግልጽ ይፈቀድ» የሚሉት ሰዎች ሕጉን ለማስቀየር ጠብመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው ምሳ ሊበሉ ይገቡ ጀመር። ዳላስ ውስጥ ቺፖትሌ የሚባለው ምግብ ቤት ገብተው የተነሱት ፎቶ ነው ኩባንያውን «እባካችሁ ተዉን» ያሰኘው።

ድሮ ይሄ «እባካችሁ» ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ካሸር ሆኜ ሳየው ግን ገባኝ። ክልከላውን የሚያስፈጽመው ማን ነው? የዋና መሥሪያ ቤቱ አለቃ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ በሰዓት ተከፋዩ፣ ከታጠቀ ሰውዬ ፊት ቆሜ «ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ ይውጡልኝ» የምለው። ከኤል ፓሶ 5 ቀን በኋላ ሚዙሪ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ አንድ ወጣት ጥይት መከላከያ ለብሶ፣ ጠብመንጃ ይዞ ዋልማርት ገባ። መብቴን ያከብሩልኝ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው አለ በኋላ። ሥራ አስኪያጁ ያደረገው የእሳት ማንቂያውን ስቦ ሰዉን ማስወጣት ነበር። ምን ምርጫ አለው?

«ሕገ መንግሥቱ ፈቅዶልኛል፣ ሱቁ ምን አገባው» የሚል ክርክር ታክሲ ውስጥም ቡና ላይም ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ማሻሻያ፣ ማለትም መሣሪያ የመያዝ መብት የሚሰጠው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ክፍል፣ የሚያስረው መንግሥትን ነው። ባለሱቅ በገዛ ቤቱ ያለ ሸሚዝ የመጣውን እንደሚመልስ ሁሉ የታጠቀውንም መመለስ ይችላል። አከራካሪው ባለቤቱ ዝም ካለ ምን ይሁን የሚለው ነው። ቴክሳስ ውስጥ ዝምታ እሺታ ነው። ሃዋይ ደግሞ ገለበጠችው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ይዞ መግባት አይቻልም አለች። ያ ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት በ2025 ተቀብሎታል።

የሚኒሶታ ዘመዶቻችን በሮቻቸው ላይ የሚያዩት ሌላ ነው፣ «ይህ ድርጅት ሽጉጥ ይከለክላል» የሚል አጭር ጽሑፍ። እዚያ ሕጉ የፊደሉን ዓይነት ሳይቀር ወስኗል፣ ኤሪያል ነው፣ ቁመቱ አንድ ኢንች ተኩል። የመኪና ማቆሚያውን ግን ባለሱቁ ሊከለክል አይችልም።

ሬስቶራንት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከገቢያችሁ 51 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ እዚያው ከሚጠጣ መጠጥ የሚመጣ ከሆነ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሽጉጥ የሚከለክለው ራሱ ሕጉ ነው፤ የምትለጥፉት ትልቅ ቀይ «51%» ያለበትን ምልክት ነው። ከክትፎውና ከጥብሱ የሚገባው ከበለጠ ግን ወደ 30.06 ትመለሳላችሁ፣ ፊደሉን በማስመሪያ ለኩ።